ሶፍት ኮፒ ለማን?

የወረቀት መጽሐፍ ይሻላል ወይስ የስልክ? አዲስ አበባ ካፌ ቁጭ ብሎ ይህን መከራከር ደስ ይላል። እኔም በስልኬ አነባለሁ። እስቲ ግን ክርክሩን ሰቆጣ እንውሰደው።

በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ በጊዜ ታትሞ አልደረሰምና በሶፍት ኮፒ ተማሩ ተባለ። በምን? ዋግ ኽምራ እኮ በጦርነቱ መብራትም ስልክም ተቋርጦባት ወራት የከረመች ናት! ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ስማርት ስልክ ከየት ያምጣ? ያለው አማራጭ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ በየገጹ መክፈል ነው። የማተሚያው ወጪ ከመንግሥት ካዝና ወደ ድሃ ኪስ ዞረ ማለት ነው፤ ይህን ነው ቴክኖሎጂ የምትሉን? የታተመው መጽሐፍ ቻርጅ አድርጉኝ አይልም። ሦስት ልጆች ተጠጋግተው ያነቡታል፤ ለከርሞ ደግሞ ለታናሽ ይተርፋል።

መጀመሪያ አትማችሁ ላኩ። ስለ ታብሌቱ ከዚያ በኋላ እናወራለን።