ሥርዓትና ባርኔጣ



ሥርዓት የሌለው ትምህርት ቤት ፍሬ እንደማያፈራ እኔም አምናለሁ። ይሁን እንጂ በግቢያችን ባርኔጣ ማድረግን የሚከለክለው ደንብ ለአንዳንድ ጓደኞቻችን ሊሻሻልላቸው ይገባል የሚል አሳብ አለኝ።

ባለፈው ዓመት በወላጆች በዓል ዕለት የክፍል አለቃ ነበርኩ። ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በሜዳው ተሰልፈን ሳለን፣ አልቢኒዝም ያለበትን ጓደኛችንን «ባርኔጣህን አውልቅ» ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ሳይመልስ አወለቀ። በማግሥቱ ጆሮውና አንገቱ ቀልቶ፣ ውኃ ቋጥሮ መጣ። ዕለቱ ነፋሻ ስለ ነበረ ሌሎቻችን የፀሐዩን ኃይል ልብ አላልነውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ አልቢኒዝም ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው እንጂ ለምጽም ሆነ ተላላፊ በሽታ አይደለም። ቆዳን ከፀሐይ የሚከልለው ሜላኒን የተባለው ቀለም በነርሱ ዘንድ እጅግ ጥቂት ነው፤ ወይም ከነጭራሹ የለም። በዚህም የተነሣ በአፍሪካ ከነርሱ መካከል ብዙዎቹ ገና በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር ይሞታሉ።

የዓለም ሙቀት እየጨመረ ስለ ሄደ ዛሬ ሰው ሁሉ ስለ ሙቀት ይናገራል። ቆዳን የሚጎዳው ግን አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር ነው። ይህም ጨረር በስስ ደመና ያልፋል፤ ወደ ከፍታ በወጣን ቁጥርም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ስለዚህ «ዛሬ ብርድ ነው» ማለት ዋስትና አይሆንም።

«ለአንዱ ከተፈቀደ ሁሉም ባርኔጣ ያደርጋል» የሚሉ ይኖራሉ። ለዚህስ መላ አለው። ትምህርት ቤቱ የደንብ ልብሳችን ቀለም ያለው፣ ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ይምረጥላቸው። እጅጌው ረዥም ሸሚዝም ይፈቀድላቸው። የስፖርት ትምህርታቸው ከጧቱ 4 ሰዓት በፊት ይሁን፤ በሰልፍ ጊዜም በጥላ ይቁሙ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ የሚከብድ ስለ ሆነ፣ ወላጆች በኮሚቴያችሁ ምከሩበት።

ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱም ይቅር ብሎኛል። ነገር ግን ይቅርታ ቆዳን ከፀሐይ አይከልልም። እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ደንቡ ከመጪው መስከረም በፊት እንዲሻሻል መምህራኖቻችንን በትሕትና እለምናለሁ።