ሚስማር ለወጋው እግር፦ ለሕንጻ ተቋራጮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በየከተማው ሕንጻ ለሚገነቡ ተቋራጮች፣ ለሳይት ኃላፊዎችና ለፎርማኖች፤

አርማታው ደርቆ ጣውላው ሲነቀል ሚስማሩ ብዙ ጊዜ አብሮ አይነቀልም። ሳንቃው ከነሚስማሩ ጭቃ ላይ ይጣላል። ባሬላ ተሸክሞ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ደግሞ የሚረግጠው በሸበጥ ወይም ሶሉ በሳሳ የፕላስቲክ ጫማ ነው። ሚስማሩ ሲወጋው ነቅሎ ይጥለዋል፤ ሁለት ጠብታ ደም ያያል፤ ጥቂት አንክሶ ባሬላውን መልሶ ያነሳል። ፎርማኑም ዝም ይላል። በዚያው ሳይት የፌሮ መቁረጫ የአንዱን መዳፍ ቢተለትለው ግን ሰው ሁሉ ይሯሯጣል፤ መኪና ይፈለጋል።

በሳይት ላይ ቁስል የሚለካው በፈሰሰው ደም ነው። መለኪያው ያሳስታል።

የተተለተለ መዳፍ ያስደነግጣል እንጂ አፉ ክፍት ስለሆነ ማጠብ ይቻላል። ንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ተጭኖ፣ በየመሃሉ ሳይገለጥ 10 ደቂቃ ያህል ከተያዘ፣ አብዛኛው መድማት ይቆማል፤ ከዚያ ወደሚሰፋበት ቦታ ማድረስ ነው። ሚስማር የወጋው ቁስል ግን ከላይ ጠባብ፣ ከሥር ጥልቅ ነው። አፉ ቶሎ ይገጥምና የገባው ጭቃ አየር በማያገኝ ሥጋ ውስጥ ይቀራል። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው ዝገትን ይወነጅላል፤ ዝገት ጥፋት የለበትም። ባክቴሪያው የሚኖረው በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ስለሆነ፣ ትናንት ከካርቶን የወጣ ሚስማርም ጭቃ ከነካ ያው ነው።

በሽታው አይቸኩልም። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገለጣል። ያኔ የተወጋው ቦታ ድኗል፤ ሠራተኛውም ሌላ ሳይት ገብቶ ሊሆን ይችላል። መንጋጋው ሲያያዝና ጀርባው እንደ ደጋን ሲለጠጥ ያንን ሳንቃ የሚያስታውስ የለም።

በሽታውን የሚከላከለው ክትባት ነው፤ በኢትዮጵያ መደበኛው የሕጻናት ክትባት የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ጀምሮ ያቋረጠ፣ ጭራሹንም ያልደረሰው ብዙ ነው። ሴቶች በእርግዝና ጊዜ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያገኛሉ፤ ከገጠር መጥቶ ባሬላ የያዘው ወጣት ግን እንዲህ ያለ ሁለተኛ ዕድል የለውም። በሕጻንነቱ ተከትቦ እንኳ ቢሆን አቅሙ እየደከመ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቆሻሻ የገባበት ቁስል ላይ፣ የመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈው፣ ማጠናከሪያ የሚሰጠው።

ሚስማር በወጋው ሠራተኛ ባልደረቦቹ አይጨክኑበትም። ቡና ይነሰንሱለታል፤ አንዳንዱም ነጭ ጋዝ ያፈስለታል። ቡናው ጀርም አይገድልም፤ ቁስሉ ላይ ተጋግሮ ለሚያጸዳው ነርስ ሥራ ይጨምራል። ነጭ ጋዙ ደግሞ ሥጋ ያቃጥላል።

አደጋው ሚስማር ብቻ አይደለም፤ ሲሚንቶም አለ። እርጥብ ሲሚንቶ ጫማ ውስጥ ገብቶ ሰዓታት ከቆየ ቆዳ ይበላል፤ ሕመሙ ዘግይቶ ስለሚመጣ ሠራተኛው የሚያስተውለው ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ነው። የሚያስፈልገው ልብስና ጫማውን ወዲያው አውልቆ በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ መታጠብ ነው። ውኃ ደግሞ በየሳይቱ አለ፤ አርማታ የሚቦካው በምን ሆነና!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ የደረሰውን አደጋም መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያዛል። ተቋራጮች ይህን ያውቃሉ። አዋጁ የማያየው የሠራተኛውን የልብ ሂሳብ ነው፦ ጤና ጣቢያ ከሄደ የቀኑ ገንዘብ ይቀርበታል፤ ነገ ቦታው በሌላ ሰው ይያዛል። ስለዚህ እያነከሰ ይሸከማል። ሕንጻው በሚሊዮኖች እየተሠራ፣ አንድ ሰው ለመከተብ ግማሽ ቀን መነሣቱ እንዴት ከበደ?

ከተቋራጮች የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ሳንቃው ከመጣሉ በፊት ሚስማሩን የሚነቅል አንድ ሰው ይመደብ። ለሠራተኛው የተሸፈነ፣ ሶሉ ጠንካራ ጫማ ይሰጠው። ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ሳሙና፣ በፎርማኑ ቢሮ ጎዝና ፋሻ ይቀመጥ። ሚስማር የወጋው ሰው ታጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይላክ። ለክትባት የሄደበትን ግማሽ ቀንም ሰዓት ተቆጣጣሪው እንደ ሥራ ሰዓት ይመዝግብለት።