ቃል መሸከም ማንበብ አይደለም

የእህቴ ልጅ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ትነሣለች። ለጸሎት እንዳይመስላችሁ፤ «ፑሲላኒመስ፣ ቦቅቧቃ፤ ሎኳሽየስ፣ ለፍላፊ» እያለች ከግድግዳ ግድግዳ ልትመላለስ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ የሚሆነውን፣ ጂ.አር.ኢ. የሚባለውን ፈተና ልትፈተን ሁለት ወር ቀርቷታል። በእጇ የያዘችው የተጎሳቆለ ፎቶ ኮፒ 3,500 የእንግሊዝኛ ቃላት ከነፍቻቸው የተደረደሩበት ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ድምፅዋ አይደለም። ያ ፎቶ ኮፒ የኔ ነው፤ በዳር በዳሩ የተጫረው የእርሳስ ጽሑፍም የኔ ነው። በ1998 ዓ.ም. እኔ የወደቅሁበትን ጉድጓድ በገዛ እጄ ለልጅቱ አወረስኳት።

ስለዚህ ይህቺ ጽሑፍ ክስም ናት፣ ኑዛዜም ናት። ተከሳሹ ሽምደዳ ነው፤ ግብረ አበሩ ደግሞ እኔ።

ታሪኬ አጭር ነው። በዚያ ዓመት ስድስት ኪሎ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ያስባዛሁትን ዝርዝር ስምንት ወር ሙሉ ሸመደድኩ። ታክሲ ውስጥ፣ ዳቦ ሰልፍ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር! ጓደኞቼ «የቀለም ቀንድ» አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። አንድ ቀን ስለ አንድ ሠዓሊ የሚያወራ የመለማመጃ ምንባብ ከፊቴ ቀረበ። ከመሃሉ የሠዓሊው ጉጉት «ፍላግ» አደረገ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። «ፍላግ» ባንዲራ መሆኑን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዐውቃለሁ። ስለዚህ የሰውዬው ጉጉት እንደ ባንዲራ ከፍ ብሎ ተውለበለበ ብዬ ተረዳሁ። ቃሉ ግን ግስ ሲሆን መዛል፣ መድከም፣ መላላት ማለት ነው። ሠዓሊው ሥራውን ሊተው ምንም አልቀረው፤ እኔ ግን ባንዲራ አሰቅዬ አዘመርኩት። ምንባቡን ተከትለው የመጡትን ጥያቄዎች በሙሉ ተሳሳትኩ።

የሚያሳፍረኝ የቃሉን ሌላ ፍቺ አለማወቄ አይደለም። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር፣ ሰውዬው ብሩሹን አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ሲመለከት ይውል እንደ ነበር እየነገረኝ አለመስማቴ ነው። ቃል ተሸከምኩ እንጂ ማንበብ አልተማርኩማ! የዋናው ፈተና ውጤቴም እንደዚያው ሆነ።

ለመሆኑ ፈተናው የሚጠይቀው ምንድን ነው? በኔ ጊዜ የቃል ተቃራኒ መፈለግና ቃልን ከቃል ማዛመድ ነበሩበት፤ ለሸምዳጅ ጥቂት ፍርፋሪ ይወድቅለት ነበር። እነዚህ ሁለቱ በ2003 ዓ.ም. ክረምት ከፈተናው ወጥተዋል። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቋንቋው ክፍል 27 ጥያቄ በ41 ደቂቃ ሆኗል፤ ለአንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ማለት ነው። ግማሽ ያህሉ ምንባብ አንብቦ መረዳት ሲሆን፣ የቀረው በዓረፍተ ነገር ውስጥ የተተወ ክፍት ቦታ መሙላት ነው። ለብቻው ቆሞ «ፍቺዬን ንገረኝ» የሚል ቃል የለም። የእህቴ ልጅ እንቅልፏን የምታጣው ለሞተ ፈተና ነው።

ክፍት ቦታ መሙላቱስ ቃል ማወቅ አይደለም ወይ? እስቲ በአማርኛ እንሞክረው። «ሰውዬው በአደባባይ ቁጥብ ቢሆንም ከወዳጆቹ ጋር ሲሆን ግን ...... ነው።» የጎደለው «ተጫዋች» ወይም የዚያ ዘመድ መሆኑን ከየትኛው የቃላት ዝርዝር አገኛችሁት? «ቢሆንም» እና «ግን» ናቸው የነገሯችሁ። እንግሊዝኛውም የሚፈትነው ይህንኑ ነው። በዜና ማዕቀብ ሲባል የምንሰማው «ሳንክሽን» እንኳ በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ መፍቀድ፣ ማጽደቅ ይሆናል። አንዱን ፍቺ ብቻ የሸመደደ ሰው ተፈቀደ የተባለውን ተከለከለ ብሎ ያነባል።

የሚገርመው፣ ይህን ነገር ከጥንት የምናውቀው እኛ መሆናችን ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግስ ያጠናል፤ ያውም እጅግ ብዙ። ግሱን አጥንቶ ግን አይተኛም። ርባ ቅምሩን ያወጣል፤ ቅኔ ይቆጥራል፤ ለየኔታው ይነግራል፤ የኔታም የጎበጠውን ያቀኑለታል። ያጠናው ቃል ወዲያው ሥራ ያገኛል። ሰሙን ከወርቁ መለየት የለመደ ሰው፣ አንድ ቃል በሁለት መንገድ እንደሚሄድ ለማወቅ የባሕር ማዶ አስተማሪ አያሻውም። እኛ ግን ከዚያ ቤት ቅኔውን ትተን ሽምደዳውን ብቻ ወረስን።

«ችግሩ እንግሊዝኛ የኛ ቋንቋ አለመሆኑ ነው» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን ግን ራሳችንን እንጠይቅ፦ ከተመረቅን ወዲህ፣ ኧረ ከመመረቃችንም በፊት፣ በአማርኛ ስንት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብን? በሀንድአውት ገብተን በሀንድአውት ተመረቅን። ርእሱን ብቻ አይተን ስለ ሐተታው እንከራከራለን። በአማርኛ የጸሐፊውን ሐሳብ ከራሱ ሐሳብ ለይቶ ማየት ያልለመደ ሰው፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን ከየት ያመጣዋል? ፈታኞቹ ይህን ስለሚያውቁ፣ በዓለም ላይ እውነት የሆነ ነገር ግን ጽሑፉ ያላለውን ነገር ከምርጫዎቹ መካከል ያስቀምጡለታል። እሱም «ይሄንንማ ዐውቀዋለሁ» ብሎ ይመርጠዋል።

ይህን ሁሉ ለልጅቱ ብነግራት እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ አንብቢ ማለት ላንተ ቀላል ነው። ለፈተናው ከ200 ዶላር በላይ ተከፍሏል። ብሩን የላከችልኝ ጓደኛዬ ዱባይ በሰው ቤት ሠርታ ያገኘችውን ነው። ዝርዝሩ ቢያንስ ዛሬ ስንት ቃል እንደ ጨረስኩ ይነግረኛል።»

አፌን ያዘኝ። እውነቷን ነው፤ የሽምደዳ ጉልበቱ ይኸው ነው። ይቆጠራል። ንባብ ግን ማታ ማታ ሒሳብ አያሳይም። ሆኖም የዚያች ልጅ ላብ የተከፈለው ቃል ለመቁጠር ነው ወይ? ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በአሜሪካ ብዙ የትምህርት ክፍሎች ይህን ፈተና መጠየቅ ትተዋል። ንባቡን የተወ ግን የለም። በዕድል ያለፈ ሰው እንኳ እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው በየሳምንቱ የሚነበብ የወረቀት ክምር ነው። በአገራችን ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠውን አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና የሚያልፈውም ያው ነው የሚጠብቀው።

ቃል አታጥኑ አልልም። ሥራ ፈት ቃል አትሰብስቡ ነው የምለው። በቀን አንድ ምንባብ ያለ መዝገበ ቃላት አንብቡ። ክደኑትና ጸሐፊው ምን እንዳለ፣ ማንንስ እንደ ተቃወመ በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ ንገሩ። ከዚያ ካላወቃችኋቸው ቃላት አምስቱን ከነዓረፍተ ነገራቸው ገልብጡ፤ በእያንዳንዱ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ሥሩ፤ በሦስተኛው ቀን ሸፍናችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በሁለት ወር 300 ቃል ነው። ከ3,500 ያንሳል ትሉኛላችሁ። አዎን፣ ያንሳል። ግን 300ው ሲጠሯቸው ይመጣሉ።

ልጅቱ ገና አልተረታችልኝም። ሌሊት ዝርዝሩን፣ ማታ ምንባቡን ይዛ ታርቀናል። ትናንት ማታ ግን አንድ ገጽ አንብባ ስትጨርስ ቀና አለችና «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ የሚያመሰግን እየመሰለ እየተሳደበ ነው!» ብላ ሳቀች። ይህ በዝርዝሩ ላይ የለም።

እንደኔ ያቺን ፎቶ ኮፒ በመሳቢያችሁ ያስቀመጣችሁ ሁሉ፣ ለታናናሾቻችሁ አታውርሷት። የኔዋ ከፈተናው ማግሥት የከሰል ማቀጣጠያ ትሆናለች።