የአባቶቻችን የሽንት ሕመምና የካፕሱል ሻጮች



ቴሌግራምም ሆነ ቲክቶክ ስንከፍት የፕሮስቴት «መድኃኒት» ማስታወቂያ ሳናይ የምንውልበት ቀን እየጠፋ ነው። ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በጥቂት ቀናት፣ መቶ በመቶ ከተፈጥሮ ይላሉ። አንዳንዱ ማስታወቂያውን በቢስሚላህ ይጀምርና በሐዲስ ይደመድመዋል። ብዙ ጊዜ የሚገዛው ደግሞ ታማሚው ሳይሆን ልጁ ነው። ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ሆኖ ካፕሱሉን ይገዛል፤ በመንገደኛ እጅ ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ ነፋስ መውጫ ይልካል፤ የአባቱን ሐቅ የተወጣም ይመስለዋል።

አቋሜን ላስቀድም። ለዚህ ካፕሱል የምናወጣው ገንዘብ አባታችንን ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ቢውል ይሻላል። ምክንያቱን ደግሞ ላስረዳ።

ፕሮስቴት ከፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን ከቦ የሚገኝ ትንሽ ዕጢ ነው። ወንድ ልጅ ዕድሜው ሲገፋ ይህ ዕጢ ያድጋል፤ ካንሰር ያልሆነው ይህ ዕድገት 60 ዓመት አካባቢ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል። ሲያድግ ቧንቧውን ይጫናል። ሽንት ለመጀመር ያስቸግራል፣ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ከጨረሱ በኋላ ይንጠባጠባል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል። የዚህ ሕመም ጠባይ ደግሞ አንድ ሰሞን መባስ፣ ሌላ ሰሞን መለስ ማለት ነው። ሻጩን የሚያበለጽገው ይህ ነው፤ በራሱ ጊዜ የቀለለው ሁሉ «ካፕሱሉ ሠራ» ይባልለታል።

በዓለም ላይ ለፕሮስቴት ከሚሸጡት ዕፆች ዋናው ሶ ፓልሜቶ የሚባለው የአሜሪካ ድንክ ዘንባባ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በ225 ወንዶች ላይ ለአንድ ዓመት ተሞከረ፤ ምንም መድኃኒት ከሌለው ካፕሱል አልተሻለም። በ2011 የወጣው ሌላ ጥናት 369 ወንዶችን ይዞ መጠኑን እስከ ሦስት እጥፍ ከፍ አደረገ። ውጤቱ ያው ነበር፤ እንዲያውም ባዶውን ካፕሱል የዋጡት በትንሹ የተሻለ ለውጥ አሳዩ። እንግዲህ ባዶ ካፕሱል የዋጠ ሰውም «ቀለለኝ» ካለ፣ የአንድ ጎረቤት ምስክርነት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው የእኛው አገር ዛፍ ነው፤ ጥቁር እንጨት። ልጡ በአውሮፓ ለአሥርተ ዓመታት ተጨምቆ በካፕሱል ሲሸጥ ኖሯል። እውነቱን ለመናገር ከሌሎቹ ይልቅ ለዚህ የሚመሰክሩ ጥናቶች አሉ። 1,562 ወንዶች የተሳተፉባቸው 18 ሙከራዎች ሲገመገሙ የሌሊቱን ሽንት እንደሚቀንስና መጠነኛ እፎይታ እንደሚሰጥ ታይቷል። ነገር ግን ሙከራዎቹ ትናንሽና አጫጭር ነበሩ፤ የተሞከረውም መጠኑ የታወቀ ጭማቂ እንጂ ገበያ ላይ ልጡ ተወቅጦ የሚሸጠው ዱቄት አይደለም። ዛፉም ልጡ እየተላጠ በመመናመኑ ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል።

የሳማ ሥርም ይነገርለታል። በካፕሱል የሚሸጠው ግን የአውሮፓው ሳማ ነው፤ በእኛ ደጋ ቅጠሉ ተቀቅሎ የሚበላው ሌላ ዝርያ ነው። ስም አንድ ስለሆነ ብቻ መድኃኒትነቱ አንድ አይሆንም።

አሁን ወደ ጥቁር አዝሙድ እንምጣ። በዚህ ሰብብ የሚታለለው ሃይማኖተኛው ነውና። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በስተቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለው የሚያመለክተው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው፤ ሐዲሱን እንቀበላለን። ሆኖም እንደ ኢማም አል-ኸጣቢ ያሉ ዑለሞች ቃሉ ጠቅላላ ቢሆንም የተፈለገው የተወሰኑ ሕመሞች ናቸው ብለው አብራርተዋል። ሐዲሱን የካፕሱል መለያ አድርጎ «ፕሮስቴትን በአንድ ወር አድናለሁ» ማለት ከሐዲሱ የተወሰደ አይደለም፤ ከሻጩ ኪስ ነው። ጥቁር አዝሙድ ያደገ ፕሮስቴትን እንደሚመልስ በሰው ላይ በሰፊው ተፈትኖ የተረጋገጠ ነገርም የለም።

ኢማም ማሊክ በሙወጠእ እንደዘገቡት፣ ለቆሰለ ሰው ሁለት ሐኪሞች ሲመጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጠየቁት ከሁለቱ በሕክምና የተሻለው ማን እንደሆነ ነበር። በአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ ነው። የሱናው ሕክምና የቱ ነው ቢሉን፣ አዋቂ መርጦ መታከም ነው እንበል።

ትልቁ ጉዳት ደግሞ ብሩ አይደለም፤ ጊዜው ነው። የፕሮስቴት ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ሲኖረውም ከተራው ዕድገት አይለይም። ካፕሱል እየተቀያየረ ዓመት ሲያልፍ በሽታው አጥንት ሊደርስ ይችላል። ተራው ዕድገትም ቢሆን ከተተወ አንድ ሌሊት ሽንት ፈጽሞ ሊዘጋ፣ ሲቆይም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

«ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውም አያስተማምንም። ፒሲ-ስፔስ የተባለ ከ8 ዕፆች ተቀመመ የሚባል የፕሮስቴት ምርት በ2002 ከአሜሪካ ገበያ ሲነሳ፣ ውስጡ የተገኘው ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን፣ የሴት ሆርሞንን የሚተካ ኬሚካልና የሕመም ማስታገሻ ነበር። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያልተመዘገበ መድኃኒት ገበያ ላይ እንዳይውል ይከለክላል፤ ማስታወቂያ የምናይባቸው ስንቶቹ ተመዝግበው ይሆን ብላችሁ ጠይቁ።

«ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፣ ውድ ነው» የሚል አለ። ችግሩ እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ሆኖም ለመጀመሪያው ምርመራ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መካነ ኢየሱስ ሆስፒታል አለ፤ ካስፈለገ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወይም ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ይላካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለ፤ ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዱ የደቡብ ጎንደሩ ፎገራ ነበር። መድኃኒቱም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ብቻ አይደለም። ታምሱሎሲን ጡንቻውን አላልቶ በቀናት ውስጥ ሊያቀል ይችላል፤ ፊናስተራይድ ዕጢውን ያሳንሳል፣ ግን እስከ ስድስት ወር ትዕግሥት ይፈልጋል። ሁለቱም የጎንዮሽ ጉዳት አላቸውና በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ አባቶች ሕመሙን የሚደብቁት በሐያእ ነው። ሽንት ስለሚንጠባጠብ ውዱኡ የማይቆይ እየመሰላቸው ከጀመዓ የቀሩም አሉ። ሽንቱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ዑዝር እንዳለው ዑለሞቻችን ያስተምራሉ፤ ወቅቱ ሲገባ ራሱን አጽድቶ ውዱእ ካደረገ፣ ያለፈቃዱ የሚወጣው ሶላቱን አያበላሽበትም። ዝርዝሩን ከመስጂዳችሁ ዓሊም ጠይቁላቸው። ኢማሞችም ይህን በግልጽ ቢያስተምሩ ብዙ አባት ወደ ሶፉ ይመለሳል።

እናንተ ልጆች ደግሞ ወደ አባታችሁ ደውሉ። አባባ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ? ሽንትዎ ለመጀመር ያስቸግርዎታል? ደም አይተዋል? በሉ። ደም ካዩ፣ ወገባቸውን በማይተው ሕመም ከያዛቸው ወይም ሽንት እንቢ ካላቸው ነገ አትበሉ። የሚወስዱት ዕፅ ካለ ስሙን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ አትደብቁ። ለመድኃኒት የምትልኩትን ብር የመንገድና የምርመራ አድርጉት፤ ከቻላችሁም አብራችኋቸው ሂዱ። ወላጅን ማገልገል ማለት ይህ ነው።

አላህ ለአባቶቻችን ዓፊያውን ይስጥልን፤ እኛንም ሐቃቸውን ከሚወጡ ልጆች ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።