ሌሊቱን በቀን አትለኩት

ለክፍለ ከተማችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የሌሊት ድምፅን በቀን ስለመለካት

የሚገባችሁን አንነፍግም። በሰፈራችን ጭፈራ ቤት ላይ ያቀረብነውን አቤቱታ መዝግባችኋል፤ ባለሙያም ልካችኋል። ከበር ይመልሱን ከነበሩት አንጻር ይህም ቀላል አይደለም።

ባለሙያችሁ የመጣው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ጭፈራ ቤቱ ተዘግቷል፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። መሣሪያውን አውጥቶ ለካና «ከተፈቀደው በታች ነው» ብሎ ጽፎ ሄደ። እኛ አቤት ያልነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት መስኮታችንን ስለሚያንቀጠቅጠው ድምፅ ነበር!

የሀገሪቱ የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። ሌሊት የሚባለውም ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የ10 ዴሲቤል ልዩነት በድምፅ ኃይል አሥር እጥፍ ነው። ሕጉ የሰው እንቅልፍ ይጠበቅ ብሎ ሌሊቱን ለይቶት ሳለ እናንተ በሥራ ሰዓት ብቻ ከለካችሁ፣ 45 የሚለው ቁጥር ለማን ተጻፈ? ስንጠይቅ «ለሌሊት ሥራ በጀት የለም፤ ከባለቤቱ ጋር ተስማሙ» አላችሁን። ሽማግሌ ልከናል። ሽማግሌ ግን መለኪያ የለውም፤ ማሸግም አይችልም። ሥልጣኑ የእናንተ ነው። ወጣቶቹ በንዴት ድንጋይ ሊያነሱ ሲሉ «ጽሕፈት ቤቱ ይሰማናል» ብለን ያበረድናቸው እኛ ነን። አሁን ምን እንበላቸው?

የድምፅ ቁጥጥሩ በሙሉ የሚኖረው በዘመቻ ነው። አንድ ሰሞን ቤቶች ይታሸጋሉ፤ ሰሞኑ ሲያልፍ ድምፅ ማጉያው ይመለሳል። ሕግ አጥተን አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ባለፈ ድምፅ ጎረቤቱን እንዳያውክ ከልክሏል።

ስለዚህ ባለቤቱን ሳታስጠነቅቁ በሌሊት ኑ፤ በደጃፋችን ለኩ፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ስጡን።

ጎረቤቶቼ ሆይ፣ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው በግሌ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ የገባበትን ቀን አስፈርሙ፤ ቀኑንም ቁጠሩ።