ማሽኑ ይጨምቃል እንጂ አይለይም

ከሰፈራችን የልማት ማኅበር ጽሕፈት ቤት የቀረበ ርዕሰ አንቀጽ



እንደሚታወቀው ሁሉ ከመንገዱ ማዕዘን ላይ የነበረው ክፍት የብረት ገንዳ ተነሥቶ በምትኩ መጭመቂያ ያለው የቆሻሻ መኪና መምጣት ከጀመረ ወዲህ አካባቢያችን ብዙ ተሻሽሏል። ውሻ ሌሊት ማዳበሪያ አይዘረግፍም፣ ዝንቡ ቀንሷል፣ በክረምት ከገንዳው ሥር ይወርድ የነበረው ጥቁር ውሃ ቆሟል። ይህንን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከመኪናው ጋር አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አብሮ መጥቷል። ይኸውም «ማሽን አለ አይደል፣ ሁሉንም ይጨፈልቀዋል፣ እኛን ምን አደከመን» የሚለው ነው። በዚህ ምክንያት ድንጋይ፣ ፍሙ ያልጠፋ አመድ፣ መርፌና የተሰበረ ጠርሙስ ባንድ ማዳበሪያ ታስሮ ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ የመኪናውን አሠራር ጥቂት ማስረዳትና ከየቤቱ የሚጠበቀውን መናገር አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመኪናው ኋላ ቆሻሻው የሚገለበጥበት፣ እንደ ከብት ማጠጫ የጎደጎደ ብረት አለ። ከሱ በላይ ትልቅ የብረት ምላስ ተንጠልጥሏል። ሠራተኛው መቆጣጠሪያውን ሲነካ ምላሱ ይከፈትና ወደ ታች ይወርዳል፣ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቅፋል፣ ከዚያ ወደ ላይ እየጎተተ መኪናው ሆድ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከዘይት ነው። የመኪናው ሞተር ፓምፕ ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይቱን በከፍተኛ ግፊት ይልካል፣ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑም ምላሱን። ጎማ ሲቀየር ከባድ መኪና የሚያነሣውን የዘይት ክሪክ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በቱቦው ውስጥ ያለው የዘይት ግፊት በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

በመኪናው ሆድ ውስጥ ደግሞ ሌላ ተንቀሳቃሽ የብረት ግድግዳ አለ። መኪናው ባዶ ሲሆን ይህ ግድግዳ ወደ ኋላ ቀርቦ ይቆማል። ምላሱ ቆሻሻውን ሲገፋ ግድግዳው ይመክታል፤ ግፊቱ ሲበዛበት ቀስ በቀስ ወደ ፊት ያፈገፍጋል። ቆሻሻው የሚጨመቀው በነዚህ በሁለቱ መካከል ተይዞ ነው። መኪናው ሞልቶ መድፊያው ቦታ ሲደርስ የኋላ በሩ ወደ ላይ ይነሣል፣ ያው ግድግዳ ወደ ኋላ እየመጣ ሁሉንም ገፍቶ ያወጣዋል። እንደ አሸዋ መኪና ሆዱን ማንጋጠጥ አያስፈልገውም።

ይህ ዓይነቱ መኪና ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በዘይት ግፊት እየጠቀጠቀ የሚጭነውን መኪና «ሎድ ፓከር» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው ጋር ዉድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ነው። ከዚያ በፊት በዚያም አገር ቆሻሻ ባብዛኛው የሚጓጓዘው በክፍት መኪና ነበር። ገንዳውን ራሱን መኪና አንሥቶ የሚገለብጥበትን ዘዴም በዚያው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያወጣው ጆርጅ ዴምፕስተር የተባለ የኖክስቪል ከተማ ሰው ነው፤ ኋላም የከተማው ከንቲባ ሆኗል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። መጭመቂያው በደንብ የሚሠራው በውስጡ አየር በበዛበት ቆሻሻ ላይ ነው። ወረቀት፣ ካርቶንና ባዶ ዕቃ በሚበዛበት አገር ሦስትና አራት መኪና ይሞላ የነበረውን ወደ አንድ ያስገባል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ግን ከግማሽ በላዩ የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭና ቅጠላ ቅጠል ነው። ይህ ከመጀመሪያውም እርጥብና ከባድ ነው። ውሃ ደግሞ ቢጫኑት አያንስም። ምላሱ ሲጫነው ውሃው እየተንጠፈጠፈ ወደ ታች ይወርዳል። ማጠራቀሚያ ቢኖርም ሲሞላ ወይም የበሩ ጎማ ሲያልቅ አስፋልቱ ላይ ይፈስሳል። «መኪናው ሰፈሩን አገማው» የሚል ወቀሳ በየጊዜው እንሰማለን። ያ ውሃ ግን ከሞተር የመነጨ አይደለም፤ ከየጓዳችን የወጣ የጎመን እጣቢ፣ የቡና አተላና የወጥ ትራፊ ነው።

አመድና አፈርም እንዲሁ ናቸው። ማሽኑ አያሳንሳቸውም፣ ክብደት ብቻ ይጨምራሉ። መኪና ደግሞ የሚሸከመው በልክ ነው። በአመድና በአፈር ከከበደ ሆዱ ሳይሞላ ጭነቱ ሞላ ማለት ነው። ያን ጊዜ የመጨረሻዎቹ ቤቶች ማዳበሪያ እዚያው ያድራል። ከታች በኩል ያሉ ነዋሪዎች «የኛ ለምን ተረሳ» ብለው ሁለት ጊዜ ለማኅበሩ ማመልከታቸው ይታወሳል። አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ድንጋይ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ቤት ሲታደስ የወጣ የብሎኬትና የኮንክሪት ስባሪ በማዳበሪያ ታስሮ ከሌላው ጋር ወጣ። ማሽኑ ድንጋይ መሆኑን አያውቅም፤ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይገፋል። ምላሱ ተጣመመ፣ ቱቦው ፈነዳ፣ ዘይቱ መንገዱ ላይ ፈሰሰ፣ መኪናው ተጎትቶ ሄደ። ሰፈሩ ዘጠኝ ቀን ያለ መኪና ከረመ። ዘጠኝ ቀን በዝናብ ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። የማን ቤት እንደሆነ እዚህ አንጽፍም፤ ዓላማችን ማስተማር እንጂ ማሳፈር አይደለም። ፍርስራሹን በጋሪ ለማስወሰድ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ጥቂት ነበር። አንድ ቤት የቆጠበውን ሰፈሩ በሙሉ ከፈለው።

ፍም ከድንጋይ ይከፋል። ከላዩ የቀዘቀዘ የሚመስል አመድ ውስጡ ፍም ይዞ እስከ ማግሥቱ ሊቆይ ይችላል። ከካርቶንና ከፌስታል ጋር ሲጠቀጠቅ ታፍኖ ይጨሳል፣ አየር ሲያገኝ ይነዳል። የሞባይል ባትሪና የተባይ መርጫ ቆርቆሮም ሲጨፈለቁ እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ። መኪናው ሆድ ውስጥ እሳት ከተነሣ ሹፌሩ ያለው አማራጭ ጭነቱን በቅርብ ባለ ሜዳ ላይ ማራገፍ ነው። በኛ ጠባብ መንገድ፣ አጥርና አጥር በተያያዘበት፣ ይህ ሜዳ የት ነው?

ሰው ላይ የሚደርሰው ግን ከሁሉም ይበልጣል። መኪናው ቆሻሻውን ከየደጁ አያነሣም። ማዳበሪያውን በትከሻና በጋሪ ሰብስበው የሚያደርሱት፣ በእጃቸው አንሥተው የሚገለብጡት የጽዳት ማኅበሩ ልጆች ናቸው። ከነሱ አንዷ፣ እዚሁ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ ማዳበሪያ ስታነሣ ውስጡ የነበረ የሕክምና መርፌ በጓንቷ አልፎ መዳፏን ወጋት። ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት 28 ቀን ዋጠች፣ የመጨረሻውን የደም ውጤት ለማወቅም ሦስት ወር መጠበቅ ነበረባት። በነዚያ ሦስት ወራት እናቷ እንቅልፍ የሚባል አላዩም። ልጅቱ ግን ከሥራ አልቀረችም፣ የናንተንም የኛንም ደጅ ስትጠርግ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ውጤቱ ደህና ሆነ።

መርፌውን የጣለው ሰው ክፉ ሰው አይመስለንም። ስኳር ያለበት ወይም ታማሚ የሚያስታምም ይሆናል። በባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ቢያጠብቀው ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

የልጆችም ጉዳይ አለ። መኪናው ሲመጣ ልጆች ከኋላው እየሮጡ መርገጫው ላይ ይንጠለጠላሉ። ምላሱ እጅና ማዳበሪያ አይለይም፣ ሹፌሩም ወደ ኋላ ሲነዳ ከመኪናው ጀርባ ያለውን ልጅ ላያይ ይችላል። ብዙ መሣሪያና ብዙ ቁጥጥር አለበት በሚባለው በአሜሪካ እንኳ ቆሻሻ መሰብሰብ የሠራተኛ ሞት ከሚበዛባቸው ሥራዎች መካከል ሲቆጠር ኖሯል። እኛ እንደ መጫወቻ ማየታችን አሳፋሪ ነው።

«እሺ፣ ወስዶልን ከሄደ በኋላ ምን አገባን» የሚልም አይጠፋም። ቆሻሻ ተጨመቀ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ክብደቱ ያው ነው፣ የቀየረው ቦታ ብቻ ነው። የከተማችን ቆሻሻ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲከመርበት የኖረው ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው ቦታ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ገደለ። በአገር ደረጃ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ እንደነበር የምንረሳው አይደለም። ከዚያ ቀደም ሲል በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ መድፊያ ቢከፈትም በገበሬዎቹ ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆሞ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመልሶ ነበር። በገበሬዎቹ አንፈርድም፤ የሰው ጉድፍ በማሳው ጫፍ ሲከመር ዝም የሚል ማን ነው? በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው ጣቢያ ተመረቀ። እሳት ግን ድንጋይና አፈር አያቃጥልም፣ እርጥብ ልጣጭም ያዳክመዋል። ዞሮ ዞሮ ነገሩ ወደየቤታችን ይመለሳል። መለየት የሚቻለው ማዳበሪያው ከመታሰሩ በፊት ነው።

ይህን ስንል ጥፋቱን በሙሉ ነዋሪው ላይ መጫናችን አይደለም። ለሠራተኞቹ መርፌ የማያሳልፍ ጓንትና ቦት ጫማ እንዲሰጥ፣ የመኪናው ቀንና ሰዓት አስቀድሞ እንዲነገረን፣ የሚያፈስሰው በር እንዲጠገን ማኅበራችን ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ አመልክቷል። መልስ እስኪመጣም በየጊዜው እየሄድን እንጠይቃለን። የራሳችንን ሳናደርግ ግን የሌላውን ለመጠየቅ አፍ አይኖረንም።

በመሆኑም ከየቤቱ የሚከተለው እንዲደረግ እናሳስባለን።

1ኛ. አመድ ውሃ ተርከፍክፎበትና ሙሉ ቀን አድሮ ለብቻው ይቀመጥ።

2ኛ. ድንጋይ፣ አፈርና የግንባታ ፍርስራሽ በማዳበሪያ አይታሰር። ቤት የሚያድስ ሰው ጋሪ ይከራይ።

3ኛ. መርፌ፣ ምላጭና የተሰበረ ጠርሙስ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ተከድኖ ለሠራተኞቹ በእጅ ተነግሮ ይሰጥ።

4ኛ. ካርቶን ይጠፍጠፍ። ሃይላንድ፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ ለቆራሌው ይሰጥ ወይም ይሸጥ፤ ለሱ እንጀራ ነው፣ ለመኪናውም ዕረፍት ነው።

5ኛ. ልጣጭና ትራፊ ውሃው ተንጠፍጥፎ ይውጣ። ጓሮ ያለው ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ፍግ ቢያደርገው ለጎመኑ ይጠቅመዋል። በበዓል ሰሞን የበግ ቆዳና ፈርስ ለብቻው ይታሰር።

6ኛ. ማዳበሪያው አንድ ሰው ሊያነሣው ከሚችለው በላይ አይሞላ።

7ኛ. መኪናው በሚመጣበት ጠዋት በማዕዘኑ ላይ መኪና አይቁም፣ ልጆችም ይከልከሉ።

በየመንደሩ መግቢያ አንድ አንድ ክዳን ያለው አሮጌ በርሜል ለአመድ እንዲቀመጥ የቀረበው ሐሳብ በመጪው እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ይታያል። በርሜሉን ማን ይግዛ፣ ማን ይጠብቅ፣ መዋጮው ስንት ይሁን የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። አቅም የሌላቸው አባወራዎችና እማወራዎች ከመዋጮው ነጻ እንዲሆኑ እኛ በበኩላችን እንደግፋለን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ዛሬ ማታ ማዳበሪያችሁን ከማሰራችሁ በፊት ነገ ጠዋት እጇን የምትሰድበትን ልጅ አስቡ። የማንም ልጅ ሳትሆን የኛው ልጅ ነች።

እሁድ እንዳትቀሩ አደራ እንላለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት