ዕድራችንን ያመሰው ሌባ ሳይሆን ድምር ነበር

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከአገር ቤቱ ፖለቲካ ጋር ሲነጻጸር ተራ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ሆኖም በስደት ያቋቋምናቸውን ዕድሮችና ማኅበራት የሚያፈርሳቸው የፖለቲካ ልዩነት ብቻ እንዳልሆነ፣ የሒሳብ ጭቅጭቅም ስንቱን እንደበተነ በየከተማው ያለ ወገን ያውቀዋል። ስለዚህ ያዘዛችሁት ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ስለ ኤክሴል ጥቂት ላጫውታችሁ።

እኔ አባል በሆንኩበት አንድ ዕድር ገንዘብ ያዣችን ቀን የነርስ ረዳት፣ ማታ የሁለት ልጆች እናት የሆነች እኅት ነበረች። ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ኮምፒዩተሯን ከፍታ፣ ካልኩሌተሯን በጎኗ አስቀምጣ፣ ደረሰኝ በደረሰኝ ስትጽፍ ታመሻለች። ለዚህ ሥራ አምስት ሳንቲም አይከፈላትም። የዓመቱ መጨረሻ ደርሶ ሒሳቡ ሲቀርብ ግን በወረቀቱ ላይ ያለው ከባንኩ በ1,440 ዶላር በልጦ ተገኘ። ከዚያማ ወሬው ተጀመረ። ፊት ለፊት የተናገረ የለም፤ በየቡናው ግን «መኪናውን የቀየረችው በምን ሆነና ነው?» ተባለ። ሽማግሌዎች ሦስት እሑድ ተቀመጡ።

በመጨረሻ ነገሩን ያገኘችው የአንድ አባላችን የኮሌጅ ተማሪ ልጅ ናት። ከላይ የተቀመጠው የወጪ ድምር የሚደምረው እስከ 60ኛው ረድፍ ብቻ ነበር። በ61ኛው፣ በ62ኛውና በ63ኛው ረድፍ የተጻፉት ሦስት ወጪዎች፣ ማለትም ለአንድ ሐዘን የወጣው የአዳራሽ ኪራይ፣ የምግብና አስከሬን ወደ አገር ለመላክ የተሰጠው ድጋፍ፣ ከድምሩ ውጭ ቀርተዋል። ሲደመሩ ልክ 1,440 ዶላር ሆኑ። ገንዘቡ አልጠፋም። እኅታችን ግን ይቅርታ ብንጠይቃትም ወደ ዕድሩ አልተመለሰችም።

እንዲህ ያለው ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። ካርመን ራይንሃርትና ኬነዝ ሮጎፍ የተባሉ ሁለት ታዋቂ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2010 ስለ መንግሥታት ዕዳ ያወጡት ጽሑፍ በብዙ አገር ፖለቲከኞች አፍ ሲጠቀስ ቆይቷል። በ2013 ቶማስ ሄርንዶን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኤክሴል ሠንጠረዣቸውን ሲመረምር አማካዩ እስከ 49ኛው ረድፍ መሄድ ሲገባው 44ኛው ላይ መቆሙን አገኘ። አምስት አገሮች፣ ማለትም አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጅየም፣ ካናዳና ዴንማርክ ሳይቆጠሩ ቀርተዋል። ሊቃውንቱ በዋናው መደምደሚያቸው ቢጸኑም ይህን ስሕተት አምነዋል። እነርሱን ሌባ ያላቸው አልነበረም። እኛ ግን ሌሊቷን ሰውታ የምታገለግለንን እኅት ጠረጠርን።

ታዲያ ምን ይደረግ? በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ኤክሴል ለሚጠቀሙ የማኅበር አገልጋዮች ጊዜም ስምም የሚያድኑ ጥቂት አቋራጮችን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ መዝገቡን ሠንጠረዥ ማድረግ ነው። ከጽሑፉ መካከል ቆሞ ኮንትሮልንና የ«ቲ»ን ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሠንጠረዡን ዓምድ የሚደምር ፎርሙላ ሲሠራ፣ ከታች አዲስ ረድፍ በተጻፈ ቁጥር ድምሩም አብሮ ያድጋል። ያን ጊዜ ይህን ብናውቅ ኖሮ ሦስቱ እሑዶች ባላስፈለጉ ነበር። ኦልትንና የእኩል ምልክትን አንድ ላይ መጫንም በላዩ ያሉትን ቁጥሮች ባንዴ ይደምራል፤ ነገር ግን በመካከል ባዶ ሳጥን ካለ እዚያው ስለሚቆም ዐይናችሁን ከእርሱ አትንቀሉ።

ሁለተኛ፣ የቀን አጻጻፍ ነው። ኮንትሮልንና ሴሚኮለንን መጫን የዕለቱን ቀን ያስገባል። እኛ ግን ሁለት ካሌንደር ያለን ሕዝብ ነን። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን በአሜሪካ ልማድ ወሩን አስቀድሞ 2/30/2017 ብሎ የሚጽፍ አለ። ለኤክሴል ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ስለዚህ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረውና በቀን ሲደረደር ያለቦታው ያስቀምጠዋል። የባሰው ጥቅምት 5 ነው፤ ምንም ሳያስጠነቅቅ ፌብሩዋሪ 5 ይሆናል። መፍትሔው ባንክ የሚያውቀውን የፈረንጅ ቀን በአንድ ዓምድ፣ የእኛን ደግሞ «ጥቅምት 30» ብሎ ወሩን በፊደል በሌላ ዓምድ መጻፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የስም ነገር ነው። «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ»፣ «ሐይሉ» እና «ኀይሉ» ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን አራት ሰው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ስንት ዓይነት እንደሚሆን ሁላችሁም ከመታወቂያችሁ ታውቁታላችሁ። እያንዳንዱ አባል ቁጥር ይሰጠው፤ ክፍያውም በቁጥሩ ይመዝገብ። ያኔ ሰምኢፍ የተባለው ፎርሙላ የእያንዳንዱን ሰው የዓመት መዋጮ በአንድ ጊዜ ለይቶ ይደምራል። ፎርሙላውን ለሁሉም ለማዳረስ አንድ በአንድ መገልበጥ አያስፈልግም፤ በሳጥኑ ቀኝ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ነጥብ ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ እስከ ታች ያደርሰዋል።

አራተኛው ለኦዲተሮች ነው። በአሜሪካ ኪቦርድ ላይ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችውን ቁልፍ ከኮንትሮል ጋር ሲጫኑ በየሳጥኑ ከቁጥሩ ሥር የተደበቀው ፎርሙላ ይገለጣል። ድምር መሆን የሚገባው ቦታ ላይ በካልኩሌተር ተሰልቶ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ቢኖር ወዲያው ይታያል። በእጅ የተጻፈ ድምር ሌላው ቁጥር ሲለወጥ አብሮ አይለወጥምና አደገኛ ነው። ለጊዜው ያፋጠነ ይመስላል፤ በኋላ ግን ያጣላል።

«አገር ቤት ዕድር በደብተር ይሠራ የለም እንዴ? ይህ ሁሉ ምን አመጣው?» የሚሉ አባቶች አሉ። እኔም ንግግራቸውን አልንቅም። የደብተሩ ትልቅ ምግባር ግን ወረቀት መሆኑ አልነበረም፤ በስብሰባ መካከል ተገልጦ መነበቡ ነበር። ዛሬ በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻ በሚያውቀው የይለፍ ቃል ተቆልፎ የተቀመጠ መዝገብ ከዚያ ደብተር ይልቅ የተዘጋ ነው። ያ ሰው ቢታመም፣ ከተማ ቢለቅ ወይም ቢቀየም ማኅበሩ መዝገብ የለውም ማለት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በእያንዳንዱ ዕድርና ማኅበር ቢያንስ ሁለት ሰው መዝገቡን መክፈትና መሥራት ይወቅ። ወር በገባ ቁጥር የሒሳቡ ቅጂ ታትሞ ወይም በስልክ ተልኮ ለአባላት ይድረስ። በዓመት አንድ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንን እንጥራና እነዚህን አቋራጮች ያስተምሩን። ቋንቋችንን አያውቁም፣ ከማኅበሩ ራቁ እያልን እናማቸዋለን እንጂ አንድ ቀን እንኳ «ይህን አግዙን» ብለን ጠይቀናቸው እናውቃለን? ያቺ የኮሌጅ ተማሪ ስሕተቱን ለማግኘት ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀባትም። እኛ ግን የጠራናት ሰው ከተቀየመ በኋላ ነው።

አባቶቻችን እንደ ወንድም ተበላሉ፣ እንደ ባዕድ ተሳሰቡ ይላሉ። መተሳሰቡ መጠራጠር አይደለም፤ መብላቱ እንዲቀጥል የሚያደርግ ጥንቃቄ ነው። አሁን ይህን የምታነቡ ገንዘብ ያዦች ካላችሁ ዛሬ ማታ መዝገባችሁን ክፈቱና የድምሩ ፎርሙላ የሚያበቃበትን ረድፍ ተመልከቱ። እኛ አባላትም ከማማታችን በፊት አጠገባቸው ተቀምጠን አብረን እንመልከት።